ለፋይበርግላስ ጀልባ፦ ጄልኮት፣ ባለ አንድ ቆርቆሮ ወይስ ባለ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ጀልባዋ 5 ሜትር ናት። የጎኗ ጄልኮት (የፋይበርግላሱ የላይኛው ባለ ቀለም ሽፋን) ፀሐይ በልቶት ሲዳስሱት ነጭ ዱቄት እጅ ላይ ይቀራል፤ ስንጥቅ ግን የለም። ከሥራ በኋላ በተጎታች ስለምትወጣ ውኃ ላይ አታድርም። መልሼ ጄልኮት ልቀባት ወይስ ቀለም? የማስበው አንጸባራቂ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ የምቀባውም በሩሎ።

መልስ 1፦
ቀለም ይሻልሃል። ጄልኮት ሻጋታ ውስጥ እንዲረጭ የተሠራ ነው፤ በሩሎ ሲቀባ ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል፣ ያንን አስተካክሎ ለማብረቅ ደግሞ ብዙ ፍግፈጋ አለው። ሰም ካልተቀላቀለበትም አየር የነካው ገጽ እንዳጣበቀ ይቀራል።

ማጠንከሪያው ለብቻ የሚመጣው ባለ ሁለት ቆርቆሮ ፖሊዩሪቴን ጭረትንም ፀሐይንም ይችላል። ባለ አንድ ቆርቆሮው ለመቀባትም ለመጠገንም ይቀላል፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ተጎታቹ የሚነካው ቦታ ቶሎ ይላጣል።

ጥቁር ሰማያዊውን ግን ተወው። አንጸባራቂ ጥቁር ቀለም እያንዳንዱን ጉድጓድ ያሳያል፣ ፀሐይ ላይም በጣም ይግላል። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ምረጥ።

መልስ 2፦
ቀለም የሚላጠው አብዛኛውን ጊዜ በዝግጅት ጉድለት ነው። መጀመሪያ የጀልባዋ ገጽ ላይ ያለውን ሰም በማሟሟቻ አንሳ፣ ከዚያ ፈግፍግ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ብርጭቆ ወረቀቱ ሰሙን ጭረቱ ውስጥ ይቀብረዋል። ውኃ ስትረጭበት እንክብል እየሆነ ከተሰበሰበ ሰሙ አልወጣም፤ ወጥ ሆኖ ከተነጠፈ ጨርሰሃል።

ዱቄቱ እስኪጠፋ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፤ 2 እጅ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚገባ መሠረት) ቀባ፤ ሲደርቅ በ220፣ መጨረሻ በ320 ፈግፍግ። ቀለሙን 2 ወይም 3 ስስ እጅ ቀባ። አንዱ በሩሎ ሲያስኬድ ሌላው ወዲያው በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ፣ ሳይጫን፣ አረፋውን ይጠርግ። ወፈር ያለ እጅ ይወርዳል። አመሻሽ ላይ አትቀባ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ጤዛ ካገኘው ብርሃኑ ይሞታል።

ጥያቄ፦
አልፎ አልፎ ለጥቂት ሳምንታት ውኃ ላይ ብትቆይስ?

መልስ 1፦
ከውኃው መስመር በታች ፖሊዩሪቴን አይሆንም፤ ውኃ ቋጥሮ ይነሳል። እዚያ ኢፖክሲ መከላከያና ለውኃ ውስጥ የተሠራ ቀለም ቀባ።

መልስ 3፦
የባለ ሁለት ቆርቆሮው ቀለም ማጠንከሪያ ውስጥ አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፣ ሳንባን ይጎዳል። በሩሎም ቢሆን የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብልና ጓንት አድርግ። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭምብል ከሌለህ በፍጹም እንዳትረጨው።