የስንዴ ገለባ ከተቀበረበት ጥቁር አፈር ላይ ጤፉ ለምን ቢጫ ሆነ?

ጥያቄ፦ ከሞረትና ጅሩ

ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ፣ ዋልካ በምንለው ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር እያፈራረቅሁ የማመርት ገበሬ ነኝ። መሬቴ ከዓመት ዓመት እየከበደ መጥቷል፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈትበታል፣ በበልግ ስናርሰው የሚነሣው ጓል በሦስተኛው እርሻ እንኳ አይፈርስም፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ ይተኛበታል። ተረፈ ምርትን ወደ ማሳ መመለስ የአፈርን መዋቅር እንደሚያሻሽል በሥልጠና ላይ ስለ ሰማሁ፣ ባለፈው ዓመት ከሁለት ጥማድ ስንዴ የወጣውን ገለባ በሙሉ በማሳው ላይ በትኜ፣ በሰኔ አጋማሽ ከአፈሩ ጋር አርሼ ቀላቀልሁትና በሐምሌ መጨረሻ ጤፍ ዘራሁበት። ጤፉ በደንብ በቀለ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። ገለባ ያልበተንሁበት አጎራባች ማሳ፣ በአንድ ቀን በአንድ ዘር የተዘራው፣ አረንጓዴ ነበር። ለከብቶቼም መኖ እስከ መግዛት ደርሻለሁ። ስሕተቴ ምን ላይ ነው? ሥራውንስ ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ 1፦ የአፈር ባለሙያ

አይተዉት፤ ስሕተቱ ገለባውን መመለስዎ ሳይሆን ጊዜውና የሰብሉ ቅደም ተከተል ነው።

የስንዴ ገለባ ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ ግን ጥቂት ነው፤ በግምት ለ1 እጅ ናይትሮጅን 80 እጅ ያህል ካርቦን ይዟል። ገለባውን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የአፈር ነፍሳት ደግሞ አካላቸውን ለመገንባት ከዚያ እጅግ የበለጠ ናይትሮጅን ስለሚፈልጉ፣ በገለባው ውስጥ ያጡትን ከአፈሩ ይወስዳሉ። የሚበሰብሰው ነገር የካርቦንና የናይትሮጅን ድርሻ ወደ 25 ለ1 እስኪወርድ ድረስ ተክሉ ከእነርሱ ጋር ተሻምቶ አያሸንፍም። እርስዎ የቀላቀሉት በሰኔ አጋማሽ፣ አፈሩ ሞቆና ረጥቦ ነፍሳቱ በሚበረቱበት ሰዓት ነው፤ ጤፉ ሥር ሰድዶ ናይትሮጅን መፈለግ የጀመረውም ሽሚያው በጦፈበት ወቅት ነበር። የተወሰደው ናይትሮጅን ጠፍቶ አልቀረም፤ ነፍሳቱ ሲሞቱ ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ ነገር ግን ለዚያ ጤፍ አልደረሰለትም።

አንድ ነገር ግን ያጣሩ። በዋልካ አፈር ላይ ውሃ የተኛበት ሰብልም ቢጫ ይሆናል። ቢጫነቱ በማሳው ረባዳ ቦታዎች ላይ ብቻ ከነበረ ምክንያቱ ውሃው ነው፤ ገለባው በደረሰበት ሁሉ፣ ከታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ጀምሮ ከወጣ ግን የናይትሮጅን እጥረት ነው። አጎራባቹ ማሳ አረንጓዴ መሆኑ ወደ ሁለተኛው ያመዝናል።

መፍትሔው በፈረቃው ውስጥ አለ። ከስንዴ ገለባ ቀጥሎ ጤፍ ሳይሆን ሽምብራ ወይም ምስር ይዝሩ። እነዚህ በሥራቸው ላይ ባሉት ትንንሽ እባጮች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ስለሚያገኙ ሽሚያው ብዙም አይጎዳቸውም። ከዚህም በላይ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ስለሆነ፣ ገለባው ክረምቱን ሙሉ የመበስበሻ ጊዜ ያገኛል። ጤፉን በተከታዩ ዓመት ያስከትሉ። ከስንዴ ቀጥሎ ጤፍ መዝራት የግድ ከሆነብዎት፣ ገለባውን አሳንሰው፣ ለእያንዳንዱ 10 ኩንታል ገለባ ከተለመደው መጠን በላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ዩሪያ መጨመር ይጠይቃል፤ ይህ ግን ወጪ ነውና እኔ አልመርጠውም።

መዋቅሩን በተመለከተ፣ ጥቁረቱ አያታልልዎት። የዋልካ አፈር ጥቁረት የብስባሹ ብዛት ምልክት አይደለም፤ በጥቂት ብስባሽም ይጠቁራል። ስንጥቁ ሲደርቅ ከሚኮማተር፣ ሲረጥብ ከሚያብጥ ሸክላ የመጣ ጠባይ ስለሆነ ገለባ አያጠፋውም። ገለባው የሚለውጠው ጓሉን ነው፦ የሚያበሰብሱት ነፍሳት የሚያወጡት ሙጫ መሰል ነገርና የሻጋታ ክሮቻቸው ደቃቁን አፈር እንደ ፍርፋሪ ያያይዙታል፣ በፍርፋሪው መካከል ውሃና አየር ያልፋል። ይህ ግን በአንድ ክረምት አይታይም፤ ብዙ ዓመት ሳያቋርጡ መመለስን ይጠይቃል። ለጤፍ ሲሉ ማሳውን ደጋግመው አርሰው በከብት ካስረገጡት ደግሞ የተሠራው ፍርፋሪ መልሶ ይደቅቃል፤ ስለዚህ በፈረቃው ውስጥ ጤፍ በተከታታይ እንዳይመጣ ቢያደርጉ መልካም ነው።

መልስ 2፦ ከበቾ

ባለሙያው የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔ ግን በመኖው በኩል ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ገለባ የማንመልሰው ጥቅሙን ሳናውቅ ቀርተን ሳይሆን በሬዎቻችን የሚበሉት ስለሌላቸው ነው።

ሁሉንም ገለባ አይመልሱ፣ ሁሉንም አይውሰዱ። የጤፍ ጭድ ከብት የሚወደው መኖ ነው፣ ለጭቃ ምርጊትም ይፈለጋል፤ እርሱን ወደ ቤት ያግቡት። ስንዴውን ግን ከመሬት አስጠግተው ከማጨድ ይልቅ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይጨዱት። እግሩ እዚያው ማሳው ላይ ይቀራል፣ የመበተንም የመሸከምም ድካም የለበትም፣ ለከብት የሚሻለው ላይኛው ክፍልም አይጎድልብዎትም። እኔ እንዲህ ማድረግ ከጀመርሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ የስንዴው እግር በቀረበት ማሳ ላይ የበልጉ የመጀመሪያ እርሻ ለበሬዎቼ እንደቀለላቸው አይቻለሁ።

ከባዱ ነገር ከአጨዳ በኋላ ያለው ልቅ ግጦሽ ነው። የእኔን ማሳ ብቻ ከልዬ አልቻልሁም፤ የጎረቤት ከብት የተረፈውን ግጦ፣ መሬቱን ረግጦ ይሄዳል። በጎጣችን ከተመካከርን በኋላ ስምንት ሆነን አጎራባች ማሳዎቻችንን አንድ ላይ ከለልን፤ እረኛውንም በጋራ ቀጠርን። ፍጉንም እንደ ቀድሞው ሁሉንም ኩበት አድርገን አናነድም፤ ቢያንስ የክረምቱን ወደ ማሳ እንመልሳለን። ገለባው በከብቱ ሆድ አልፎ ቢመለስም መመለስ ነው።

መልስ 3፦ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የባቄላን ቅጠል ቡናማ ነጠብጣብ የሚያለብሰው በሽታና የሽምብራ አጠውላጊ ነጠብጣብ በተረፈ ምርታቸው ላይ ይከርማሉ፤ ስለዚህ በሽታ የታየበትን የጥራጥሬ ገለባ በማሳው ላይ አይተዉ፣ በዚያው መሬት ላይም ያንኑ ሰብል ቶሎ አይመልሱ። ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ግን ሕይወት ያለው ተክል ስለሚፈልግ በደረቅ ገለባ ላይ አይከርምም። በዋግ የሚያሠጋው ሳይዘራ የበቀለው ስንዴ ነውና እርሱን ነቅለው ያጥፉ።

የጠያቂው ምላሽ፦ ከሞረትና ጅሩ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቢጫነቱ በረባዳው ብቻ ሳይሆን በማሳው ሁሉ ላይ፣ ከታች ቅጠሎች ጀምሮ የወጣ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ተገለጠልኝ። በእኛ ዘንድ ውሃውን ለማጠንፈፍ ከፍ ያለ መደብ በእጅ የመሥራት የቆየ ልማድ አለና እርሱን በስንዴውና በምስሩ ላይ እቀጥላለሁ። ዘንድሮ ስንዴዬን በስንዝር ከፍታ አጭጄ እግሩን እተዋለሁ፤ በመጪው መስከረም በዚያ ላይ ሽምብራ ዘርቼ፣ ጤፉን በሦስተኛው ዓመት አስከትላለሁ። ግማሹን ማሳ እንደ ልማዴ አጭጄ ለማመዛዘኛ እተወዋለሁ፤ በበልግ ከሁለቱም ወገን ደረቅ ጓል አንሥቼ በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጥዬ የትኛው ቀድሞ እንደሚፈርስ አይቼ እዚህ አሳውቃችኋለሁ።