ቴርሞሜትሩ ተሰበረ፣ ላሟ ድራት ላይ ናት፤ ስትሮውን በምን ላቅልጠው?

ደጋው አዳቃይ፣ ጠዋት 3፡10
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ገበሬ ቤት ነኝ። ስትሮው፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ የኮርማ ዘር የያዘው ቀጭን ቱቦ፣ የሚቀልጥበት የፔርሙዙ ውሃ ቴርሞሜትር አሁን ወድቆ ተሰበረ። ላሟ ኮርማ ፈልጋለች፣ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ሌሎች ከብቶች ሲወጡባት ትቆማለች። ፍል ውሃም ቀዝቃዛ ውሃም አለ፣ ልኩን ግን በምን ልወቅ? በብብቴ ይዤ ባቀልጠውስ? ብርዱ ከባድ ነው።

ስትሮው 0.25፣ 3፡13
ከ35 እስከ 37 ዲግሪ፣ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ።

ደጋው አዳቃይ፣ 3፡14
ልኩንማ አውቀዋለሁ ወንድሜ። መለኪያው ነው የሌለኝ።

የወተት መንደር፣ 3፡17
የትኩሳት መለኪያ ፈልግ። ዲጂታሉ ከ32 እስከ 42 ያነባል፣ አንተ የምትፈልገው መሃሉን ነው። የከብት ትኩሳት የምትለካበት ቦርሳህ ውስጥ ካለማ ጨርሰሃል። ከሌለህ ጤና ኬላ ላክ፣ ወይም ሕፃን ያለበት ጎረቤት ጠይቅ። ያገኘኸው የሜርኩሪው ከሆነ ሁለት ነገር አስብ፦ በጣም የሞቀ ውሃ ውስጥ ከከተትከው ይፈነዳል፤ ደግሞ ከፍተኛውን ይዞ ስለሚቀር ቀዝቃዛ በጨመርክ ቁጥር እያራገፍክ ለካ።

ቀስ በል፣ 3፡20
እኔ ጥድፊያው ራሱ አልገባኝም። ጠዋት ድራት ላይ የታየች ላም የምትዳቀለው ከሰዓት በኋላ ነው። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ብትሠራላት ምንም አይቀርባትም። እስከዚያ ከተማ ሄደህ መለኪያ ግዛ።

የወተት መንደር፣ 3፡22
1 ሰዓት ላይ ታየች እንጂ 1 ሰዓት ላይ ጀመረች አላለም። ሌሊት ጀምራ ሊሆን ይችላል። ለከሰዓት ማቆየቱን እስማማለሁ፣ ለነገ ግን እንዳታሳድራት።

ዶክተር ከብት፣ 3፡26
የብብቱን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የዘር ህዋሱ ሽፋን፣ ሜምብሬን የምንለው፣ ዋናው ሥሪቱ ስብ ነው። ቅቤ በብርድ እንደሚረጋ ሁሉ እሱም ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ልዩነቱ፣ ሜምብሬኑ ብዙ ዓይነት ስብ ስላለው እያንዳንዱ በየራሱ ዲግሪ መርጋቱ ነው። ሙቀቱ ሲወርድ አንዱ ረግቶ አጠገቡ ያለው ገና ፈሳሽ ይሆናል፣ የሚያፈሰውም የሁለቱ መጋጠሚያ ነው። በዚያ ካልሲየም ሲገባ ህዋሱ እንቁላሉ አጠገብ ሊያደርገው የሚገባውን ዝግጅት መንገድ ላይ ይጨርሰዋል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ኮሌስትሮል ይህን ድንገተኛ መርጋት ያለሰልሳል፤ የኮርማ የዘር ህዋስ ግን ከሰው የዘር ህዋስ ያነሰ ኮሌስትሮል ነው ያለው። የኮርማው ዘር ሲዘጋጅ የዶሮ እንቁላል አስኳል የሚጨመርበትና እስከ 5 ዲግሪ ቀስ ተብሎ የሚወርደው ለዚህ ነው።
ማቅለጥ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ መፍጠን አለበት። ቀስ ካለ ጥቃቅኑ በረዶ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይተልቃል፣ ሽፋኑንም ይጎዳል። ብብት ቢሞቅም ቆዳና ልብስ እንደ ውሃ ሙቀት አያቀብሉም።

ስትሮው 0.25፣ 3፡28
በብብት አቅልጠው ያስረገዙ አሉ። ለማንኛውም 35 እስከ 37።

ዶክተር ከብት፣ 3፡30
አሉ። ስንቱ እንዳልያዘ ግን አይቆጠርም፤ ገበሬው በሃያ አንደኛው ቀን ላሟ እንደገና ድራት ስታሳይ ነው የሚያውቀው።

ፔርሙዝ፣ 3፡34
መለኪያ ጨርሶ ከጠፋ እንዲህ ሞክር። እናንተ ጋ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደለም። መጀመሪያ ፔርሙዙን በሙቅ ውሃ አለቅልቀህ ድፋው። ከዚያ አንድ ብርጭቆ የሚንተከተክ ውሃ በሁለት ተኩል ብርጭቆ ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛው 15 ዲግሪ ከሆነ 36 ላይ ያርፋል። ሌሊት ውጭ ያደረ ውሃ ከሆነ ግን 10 ዲግሪም ሊሆን ይችላል፣ ያኔ 33 ይወርድብሃል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያደረውን ውሰድ። መለኪያ ካገኘህ ይህን ተወው።

እጀ ሙቅ፣ 3፡39
ሁላችሁም ውሃው ላይ ቀራችሁ። በዚህ ብርድ ትልቁ ጥፋት ከውሃው ከወጣ በኋላ ነው የሚደርሰው። 36 ዲግሪ ላይ ያለውን ስትሮው እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ብረት ውስጥ ስትከተው ዶክተሩ ያሉት መርጋት በሰከንዶች ውስጥ ይመጣል፣ ያውም ቀስ ብሎ ሳይሆን ባንዴ። የማዳቀያውን ብረት በሶፍት እየፈተግክ አሙቀው፣ የፕላስቲክ ማልበሻውንም ጨምረህ ሸሚዝህ ውስጥ ያዘው። ስትሮውን በደንብ አድርቀው፤ አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባች ህዋሶቹን አሳብጣ ትገድላለች። የአየር አረፋዋ ወደ ተዘጋው ጫፍ እንድትሄድ ነቅነቅ አድርገህ እዚያው ላይ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፤ ተንጋዶ ከተቆረጠ ወደ ኋላ ይፈስብሃል። ከቀለጠ በ15 ደቂቃ ውስጥ ጨርስ። ፀሐይም አይንካው።

ደጋው አዳቃይ፣ 3፡52
እግዜር ይስጥልኝ። የትኩሳት መለኪያ ከጎረቤት ተገኘ፣ ውሃው 36.8 ይላል። ከሰዓት ድረስ አቆያለሁ። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ቴርሞሜትሩ ሲወድቅ ስትሮውን በወረንጦ ይዤ ነበር፤ ደንግጬ ወደ ናይትሮጅኑ መለስኩት። ግማሽ ደቂቃ ቢሆነው ነው። እሱኑ ልጠቀም?

እጀ ሙቅ፣ 3፡54
አትጠቀም! ስትሮው ቀጭን ነው፣ ውጭ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ይሞቃል። መልሰህ ስትከተው ቢጠጥርም የተጎዳው ሽፋን አይጠገንም።

ዶክተር ከብት፣ 3፡57
ትክክል። ስትሮው ስትመርጥም ከናይትሮጅኑ እቃ አንገት በላይ አታውጣ፣ ከ5 ሰከንድ በላይም አታቆይ። ናይትሮጅኑስ ምን ያህል ቀርቶሃል? ቀጭን እንጨት ነክረህ አውጣና ውርጭ የያዘውን ልክ ለካ።

የወተት መንደር፣ 4፡05
የመለስከውን ለይተህ ነው ያስቀመጥከው ወይስ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሏል? ከተቀላቀለ ከዚያ ጎብሌት (ስትሮዎቹ ከሚቀመጡበት ትንሽ ኩባያ) አታውጣ፣ ከሌላው ጎብሌት ውሰድ።

ፔርሙዝ፣ ማታ 1፡20
ደጋው፣ ከየትኛው ወሰድክ?