«ኩሚኮ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ስንጥር፣ ርብራብ፣ ፈለግ እና ግጥም

ፊደል ወዳጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኩሚኮ የተባለውን የጃፓን የእንጨት ጥበብ በጠረጴዛ መጋዝና በመጋዙ ላይ በሚንሸራተት ገበታ እንዴት መሥራት እንደሚቻል የሚያስረዳ መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። አምስት ነገሮች ስም አጥተውብኛል፦ ኩሚኮው ራሱ፣ መጀመሪያ የሚሠራው የካሬ መደብ (ጃፓኖቹ «ጂጉሚ» ይሉታል)፣ ገበታው፣ ዲስኩ (የመጋዙ ክብ ስለት) ሲያልፍ የሚበላው ስፋት፣ እና ሁለት እንጨቶች ግማሽ በግማሽ ተቆርጠው የሚገናኙበት ቦታ። «ፍርግርግ» የሚለው ቃል ቅርብ ነው፤ ግን የመስኮት ብረት ያስመስለዋል። ሥራውን የምታውቁ ብትረዱኝ።

የጣውላ ሰው፦
ፍርግርግ አይሆንም። ፍርግርግ ሲባል አንባቢ የሚያየው ብየዳ ነው፤ ብረት በብረት ላይ ተደርቦ። ኩሚኮ ውስጥ ድርብ የሚባል ነገር የለም። አንዱ እንጨት በሌላው ወገብ ውስጥ ገብቶ ፊታቸው እኩል ይሆናል፤ ሚስማርም የለበትም። የጃፓንኛው ስም ራሱ «ኩሚ» ማለትም ማሰናሰል፣ «ኮ» ማለትም ልጅ፣ ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ የጥበቡን ስም ኩሚኮ ብለህ ተወው፤ ካራቴን አልተረጎምነውም።

ለአንዱ ቀጭን እንጨት ግን አማርኛ የታወቀ ቃል አለው፤ ስንጥር። የተለመደው ስንጥር ውፍረቱ 3 ሚሊ ገደማ፣ ስፋቱ 12 ሚሊ ነው። ጂጉሚ ደግሞ ርብራብ ነው። ረበረበ ማለት እንጨት በእንጨት ላይ አግድሞ ደረደረ ማለት ስለሆነ መልኩን በደንብ ይይዝልሃል፤ ያው «ፊቱ እኩል የሆነ ርብራብ» ብለህ አንድ ጊዜ መግለጽ አለብህ። በርብራቡ ካሬዎች ሆድ ውስጥ የሚገቡትን ትንንሽ ቁርጥራጮች ጃፓኖቹ «ሃ» ይሏቸዋል፣ ቅጠል ማለት ነው። ቅጠል በለው፤ ከዚህ የተሻለ አታገኝም።

ሰዋስው፦
በስንጥር እስማማለሁ። በገበታው ላይ ግን ልጨምር። አንዳንዶች «ስሌድ» እያሉ በፊደላችን ይጽፉታል፤ በረዶ ላይ የሚጎተተውን ለማያውቅ አንባቢ ምንም አይነግረውም። «ሸርተቴ» ልጆች የሚወርዱበት ነው፣ እሱ ራሱ አይንቀሳቀስም። «ተንሸራታች ገበታ» ብለህ ጀምርና ከዚያ በኋላ «ገበታው» በል። ክፍሎቹን ግን የሚሠራ ሰው ይንገረን።

ማዕዘን፦
ክፍሎቹ አራት ናቸው፤ ስማቸው ከሥራቸው ይወጣል።

ወለሉ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ 40 በ60 ሴንቲ ይበቃል። ከሥሩ ያሉት ሁለቱ ዘንጎች ምላስ ናቸው፤ በመጋዙ ጠረጴዛ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ይሄዳሉ። በአሜሪካን ልክ የተሠራ ጠረጴዛ ከሆነ ቦዩ 19 ሚሊ ስፋት፣ 9.5 ሚሊ ጥልቀት አለው። ምላሱ ከደረቅ ጠንካራ እንጨት ይሁን፤ ወደ ፊት በነፃ ይሂድ፣ ወደ ጎን ግን ንቅንቅ አይበል። ምላሱ የሚወዛወዝ ገበታ ላይ የቀረውን ብታስተካክል ከንቱ ድካም ነው። ሦስተኛው መደገፊያው ነው፤ እንጨቱ ጀርባውን የሚሰጥበት ቀጥ ያለ ግድግዳ። አራተኛው ችካሉ፣ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

መደገፊያው ከዲስኩ ጋር ልክ 90 ዲግሪ መሆን አለበት። በስኳድራ አይታመንም። 30 ሴንቲ ካሬ የሆነ ቺፑድ ውሰድ፤ አንዱን ጎን ቁረጥ፣ የተቆረጠውን ጎን ወደ መደገፊያው አዙረህ ቀጣዩን ቁረጥ፤ እንዲህ እያልክ አራቱንም ጎን ዙር። አምስተኛው ላይ መጀመሪያ የቆረጥከውን ጎን እንደገና ቁረጥና 25 ሚሊ ስፋት ያለው ቀጭን ቁራጭ አውጣ። የቁራጩን ስፋት በሁለቱ ጫፎቹ በካሊፐር ለካ። ልዩነቱ የአራት ቁርጥ ስህተት ድምር ስለሆነ ለ4 ታካፍለዋለህ። ልዩነቱ 0.4 ሚሊ ቢሆን መደገፊያህ በ30 ሴንቲ ላይ 0.1 ሚሊ ተዛብቷል ማለት ነው። አንዱን ብሎን ማጠፊያ አድርገህ፣ በሌላው ጫፍ ስስ ሉክ ወረቀት እየደረብክ አስተካክል።

አሁን ችካሉ። ከዲስኩ ጎን በወለሉ ላይ የሚቆም፣ ዲስኩ የሚበላውን ስፋት ያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ ነው። የመጀመሪያውን ጎድጓድ (ሌላው እንጨት የሚገባበትን ቁርጥ) ትቆርጣለህ፤ ጎድጓዱን ችካሉ ላይ ታስቀምጥና ሁለተኛውን ትቆርጣለህ፤ ሁለተኛውን ችካሉ ላይ፣ ሦስተኛውን ቁረጥ። ርቀቱን ችካሉ ይጠብቅልሃል፣ እርሳስ አያስፈልግም። ከመሃል እስከ መሃል 38 ሚሊ ከፈለግህና ዲስኩ 3.2 ሚሊ ከበላ፣ በችካሉና በዲስኩ መሃል ያለው ባዶ ቦታ 34.8 ሚሊ ይሁን። ይህ 34.8 የካሬው የውስጥ ልክ ነው፤ ኋላ ለቅጠሎቹ ስለሚያስፈልግ የሆነ ቦታ ጻፈው።

ፊደል ወዳጅ፦
እግዜር ይስጥልን ጋሼ። «ዲስኩ የሚበላው ስፋት» እያልን እንቀጥል ወይስ አንድ ቃል አለው? «ንክሻ» ብለው?

የጣውላ ሰው፦
ንክሻ ስትለኝ እኔ የምረዳው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ነው።

ሰዋስው፦
እንግዲያው ሁለቱንም እንጠቀም። ዲስኩ አልፎ የተወው መንገድ ፈለግ ነው፤ የእግር ፈለግ እንደምንለው። ወደ ውስጥ የገባበት ጥልቀት ንክሻ። «ፈለጉ 3.2፣ ንክሻው 6 ሚሊ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፣ አንባቢውም አይምታታበትም።

የጣውላ ሰው፦
ይህ ጥሩ ነው። ምክንያቱም በኩሚኮ ሁለቱ ልኮች የሚበላሹት በተለያየ መንገድ ነው።

ፈለጉ ከስንጥሩ ውፍረት ጋር መጣጣም አለበት፤ የምታስተካክለው ግን ስንጥሩን ነው። ዲስኩን ልትቀይረው አትችልም። ስለዚህ ስንጥሩን 3.6 አድርገህ ሰንጥቀህ በመላጊያ ወደ 3.2 ታወርደዋለህ። ንክሻው የስንጥሩ ስፋት እኩሌታ ነው፤ ለ12 ሚሊ 6። ንክሻው 5.8 ከሆነ ሁለቱ ስንጥሮች ፊታቸው አይተካከልም፤ አንዱ 0.4 ከፍ ይላል። 6.2 ከሆነ ፊቱን ማስተካከል ትችላለህ፣ ውስጡ ግን ባዶ ይሆናል፣ ርብራቡም ጥንካሬ ያጣል። በሁለት ውዳቂ ቁራጮች ሞክርና ጣትህን መገናኛው ላይ አሻሽ፤ ጣት ከካሊፐር ቀድሞ ይነግርሃል።

የዲስኩ ጥርስም ጉዳይ አለው። ጥርሶቹ አናታቸው ጠፍጣፋ የሆነ ዲስክ ፈልግ። ተራው ዲስክ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ስላጋደሉ የጎድጓዱ ወለል መሃሉ ከፍ ይልና ጥግ ጥጉ ላይ ሁለት ትንንሽ ቦይ ይተዋል። ከተገጠመ በኋላ ፊት ለፊት ስታየው ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ።

ቅደም ተከተሉንም መመሪያህ ላይ አጥብቀህ ጻፍ፦ መጀመሪያ ጎድጓድ፣ ቀጥሎ መሰንጠቅ። 12 ሚሊ ውፍረት፣ 70 ሚሊ ስፋት ያለው አንድ ጣውላ ወስደህ ጎድጓዶቹን በሙሉ በስፋቱ አግድም ትቆርጣለህ። ከዚያ በቁመቱ ስትሰነጥቀው የሚወጡት ስንጥሮች ጎድጓዳቸው አንድ ዓይነት ነው። አንድ በአንድ ስንጥር ላይ ጎድጓድ ልቁረጥ ያለ ሰው ርብራቡ አይገባለትም። ለእያንዳንዱ 3.6 ሚሊ ስንጥርና 3.2 ሚሊ ፈለግ ቢሰላ ከ70 ሚሊ 10 ይወጣል ያሰኛል፤ ነገር ግን የመጨረሻውን 20 ሚሊ አትንካው፣ ለእጅ አይመችም። 7 ይበቃሃል። ስንጥሩ በዲስኩና በጠረጴዛው መደገፊያ መሃል ሳይሆን በውጭው በኩል እንዲወድቅ አድርግ፤ መሃል የቀረ ቀጭን እንጨት ወደ ኋላ እንደ ቀስት ይወረወራል።

ሰዋስው፦
መገናኛውን «ወገብ ለወገብ» ብትለው? ሁለቱም እኩሌታቸውን ስለሰጡ።

ማዕዘን፦
«ወገብ ለወገብ ግጥም»። ጃፓኖቹ «ኩሚቴ» ይሉታል። ግጥም የሚለውን አትጣለው፤ «ግጥም አለ» ስንል በመሃሉ አየር የለም ማለታችን ነው፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። «ልክክ» ሌላ ነው፤ ልክክ ያለ ነገር ያለ ግፊት ቦታው ላይ ይቀመጣል። ለኩሚኮ ልክክ ይላላል። መለኪያው ይህ ነው፦ ስንጥሩ በአውራ ጣት ግፊት መግባት አለበት፤ ከገባ በኋላ ገልብጠህ ብታራግፈው መውደቅ የለበትም። ከወደቀ ላላ። መዶሻ ከጠየቀ ጠብቋል፤ ጎድጓዱ ጋ የቀረው 6 ሚሊ ብቻ ስለሆነ እዚያው ይሰነጠቃል።

ፊደል ወዳጅ፦
ችካሉ ላይ 0.1 ሚሊ ብሳሳት በስምንት ርቀት 0.8 አይሆንም? ርብራቡ አይዛባም?

ማዕዘን፦
ይሆናል፤ ግን አይዛባም። የቁመቱም የአግድሙም ስንጥር በአንድ ችካል ስለተቆረጠ ስህተቱ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነው፣ ካሬው ካሬ ሆኖ ይቀራል። የሚለወጠው ጠቅላላ ልኩ ነው። ስለዚህ ክፈፉን ቀድመህ አትሥራ፤ ርብራቡን ገጥመህ ለካና ለእሱ ሥራለት።

የሚያበላሸው ሰጋቱራ ነው። ጎድጓዱ ችካሉ ላይ ሲቀመጥ በመሃል ሰጋቱራ ከገባ ያ አንድ ርቀት ብቻ ይለያል፤ አንዱ ካሬ ከሌሎቹ ይጠባል ወይም ይሰፋል፣ ስንጥሮቹም ሲጋጠሙ እምቢ ይላሉ። በእያንዳንዱ ቁርጥ መሃል በብሩሽ ጥረገው። ሌላው መሸረፍ ነው። ዲስኩ ሲወጣ የእንጨቱን ጀርባ ይሸርፋል፤ መደገፊያው ላይ 6 ሚሊ ኤምዲኤፍ ለጥፈህ ንክሻውን በለወጥክ ቁጥር አዲስ ቦታ ስጠው።

የጣውላ ሰው፦
ወደ ቅጠሎቹ እንለፍ። በጣም የሚሠራው ንድፍ አሳኖሃ ነው፤ የሄምፕ (ቃጫ የሚወጣው ተክል) ቅጠል ማለት ነው። ሄምፕ ፈጥኖና ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ በጃፓን የሕፃናት ልብስ ላይ የሚታተመውም ይኸው ንድፍ ነው። በካሬ ርብራብ ውስጥ ሲሠራ ሦስት ዓይነት ቅጠል ይፈልጋል።

አንደኛው ሰያፍ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ካሬውን ለሁለት ይከፍላል፤ ሁለቱም ጫፉ ከግራም ከቀኝም 45 ዲግሪ ተሞርዶ ሹል ይሆናል። ለ34.8 ካሬ ርዝመቱ 49.2 ሚሊ ነው። ሁለተኛው በየግማሹ ሁለት ሁለት የሚገባ ነው፤ ክንፍ እለዋለሁ። ወደ ጥግ የሚገባው ጫፉ በሁለቱም በኩል 22.5፣ መሃል ላይ የሚገናኘው ጫፉ 67.5። ሦስተኛው በመጨረሻ ገብቶ ሁሉንም ይቆልፋል፤ ሁለቱም ጫፉ 45። ክንፉ 24.9፣ መቆለፊያው 13.5 ሚሊ ይሆናል። ይህ ሰያፉ 3.2 ውፍረት ካለው ነው። ግማሽ ሚሊ አስረዝመህ ጀምርና እየሞከርክ አውርድ።

ማዕዘኖቹ ትክክል መሆናቸውን መሃሉ ላይ ደምረህ አረጋግጥ፦ ሁለቱ ክንፎች ሹላቸው 135 እና 135፣ መቆለፊያው 90፤ ድምሩ 360። ክፍተት ከታየህ ጥፋቱ ከርዝመት እንጂ ከማዕዘን አይደለም፣ ማዕዘኑ በትክክል ከተሞረደ።

ፊደል ወዳጅ፦
መቆለፊያውን «ሽብልቅ» ብለውስ?

ሰዋስው፦
ሽብልቅ እየሰፋ የሚሄድ ነገር ነው፣ በተመታ ቁጥር ይወጥራል። ይህ እየሰፋ አይሄድም፤ የመጨረሻውን ባዶ ቦታ ይሞላል። «ቁልፍ» በለው። እግረ መንገዴን፣ በሰሊጥ የተሰየመ ሌላ የኩሚኮ ንድፍ አለ፤ በጃፓንኛ ስሙ «ጎማ» ብለህ አትጻፈው፤ አንባቢህ የመኪና ጎማ ይታየዋል። «የሰሊጥ ንድፍ» በል።

ማዕዘን፦
13 ሚሊ የሆነ ቁልፍ በጠረጴዛ መጋዝ አይቆረጥም፤ ይህን በደማቁ ጻፍልን። ገበታው ለርብራቡ ነው። ለቅጠሎቹ ከጠንካራ እንጨት ሦስት የመሞረጃ ቁራጮች ታዘጋጃለህ፤ ጫፋቸው 22.5፣ 45 እና 67.5 ዲግሪ የተቆረጠ፣ መሃላቸው ላይ ስንጥር የሚገባበት ቦይና ርዝመት የሚወስን መቆሚያ ያላቸው። ስንጥሩን በቀጭን የእጅ መጋዝ አስረዝመህ ቁረጥ፣ ቦዩ ውስጥ አስገባ፣ መሮውን በተቆረጠው ጫፍ ላይ አስተኝተህ ግፋ፣ ገልብጠህ ሌላውን በኩል ድገም። መሮው ካልተሳለ እንጨቱን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። የመሞረጃ ቁራጮቹን ማዕዘን ግን ገበታው ላይ መቁረጥ ትችላለህ፣ እነሱ ትልልቅ ናቸውና።

የጣውላ ሰው፦
እንጨቱንም አትርሳ። ጃፓን ውስጥ ሂኖኪና ሱጊ የተባሉት ዛፎች እንጨት ነው፤ ሁለቱም ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ ጭረት ያላቸው። ናራ በሚገኘው የሆርዩጂ ቤተ መቅደስ አጥር መከታ ላይ ያለው ጥንታዊ የኩሚኮ ሥራ ዛሬም ይታያል፤ በቶቺጊ ግዛት ካኑማ፣ በፉኩኦካ ኦካዋ ደግሞ እስካሁን በዚህ ሙያ የታወቁ ከተሞች ናቸው። አገር ቤት ላለ አንባቢ ዝግባ ለዚህ ይስማማል፤ ሙጫ የለውም፣ ጭረቱም የጠራ ነው። ከአሮጌ ቁምሳጥን የወጣ ዝግባ ካገኘ ጥሩ ነው፣ ደርቆ ጨርሷል። ወይራ አይሆንም፤ ለስላሳ እንጨት በግፊት ትንሽ ይጨመቅና ግጥም ይላል፣ ወይራ ግን ወይ ይገባል ወይ ይሰነጠቃል።

ፊደል ወዳጅ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። መመሪያው ላይ ሁሉንም «ቁረጥ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ይበቃል?

ሰዋስው፦
አይበቃም። አማርኛ ሥራውን ለይቶታል። በአግድም ከሆነ ቁረጥ፣ በቁመት ከሆነ ሰንጥቅ፣ ጫፉን በመሮ ከሆነ ሞርድ። «ጣውላውን ቁረጥ» ያልከው ሰው ጎድጓዱን ሳያወጣ ስንጥር ሊያደርገው ይችላል። ስለ ጎድጓዱ ስትጽፍ ደግሞ ንክሻውን ሁልጊዜ አብረህ ጥቀስ፤ «6 ሚሊ ንክሻ ቁረጥ» ከተባለ እስከ ታች የሚበጥሰው የለም።