ኢንቴል ዘገየ፣ ቤት ግን አልረከሰም፤ ኮሎምበስ ውስጥ አፓርታማ ይሠራ ወይስ ይብቃ?

ክርክሩን የከፈተው፦
ወገኖቼ፣ ቅዳሜ ቡና ላይ የጀመርነውን እዚህ እንቀጥል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) የኛው የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ ምክር ቤት ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቆየውን የዞኒንግ ሕግ (የት ቦታ ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚሠራ የሚወስነውን) በሐምሌ 2024 ቀይሮ፣ በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ትልልቅ አፓርታማ እንዲሠራ ፈቅዷል። በነዚህ ጎዳናዎች ላይ ፓርኪንግ የማዘጋጀት ግዴታም ቀርቷል። ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል?

እኔ ይጠቅማል ባይ ነኝ። በጥር 2022 ኢንቴል እዚሁ ጎረቤታችን ሊኪንግ ካውንቲ በ20 ቢሊዮን ዶላር ሁለት የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ እሠራለሁ ሲል ሰው ቤት ለመግዛት ተሻማ። በ2025 ሥራ ይጀምራል የተባለው ፋብሪካ አሁን ወደ 2030 እና 2031 ተገፍቷል። «ፋብሪካው ከዘገየ ዋጋው ይወርዳል» ብለው የጠበቁ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ተከራይ ናቸው። ዋጋውን ሰቅሎ የያዘው ኢንቴል አይደለማ! ኮሎምበስ ያለችበት ፍራንክሊን ካውንቲ ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት 160,000 ሰው ጨምሮ 1.3 ሚሊዮን አልፏል። ዩኒቨርሲቲው፣ የስቴቱ መንግሥት፣ ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ሆስፒታሉ፣ ዌርሃውሱ ሁሉም ሠራተኛ ይፈልጋል። ሰው ይመጣል፣ በዚያው ልክ ግን ቤት አይሠራም። ያለውም አይሸጥም፤ በ2021 ከ3 በመቶ በታች በሆነ ወለድ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) የያዘ ሰው፣ በጥቅምት 2023 ወደ 8 በመቶ የተጠጋ ወለድ አይቶ ለምን ይልቀቅ?

እናት፣ ከምሥራቅ ኮሎምበስ፦
ልጄ፣ አነጋገርህ ጥሩ ነው፤ ግን እድገቱን የሚከፍለው ማነው? እኔ ቤቴን የገዛሁት በ2004 ነው። በ2023 ካውንቲው ታክስ የሚያሰላበትን የቤት ግምት ሲያድስ የመኖሪያ ቤት ዋጋ በአማካይ 41 በመቶ ጨመረ ተባለ። ደብዳቤው የደረሰኝ ቀን ወጥ ምድጃ ላይ ጥጄ ነበር፤ መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቤቴ ያው ቤት ነው፣ ጣሪያው እንኳ አልታደሰም። ከመንገዱ ማዶ ያለው አዲስ አፓርታማ ግን ለ15 ዓመት ከታክስ ነፃ ነው አሉኝ። የኔ ጡረታ የእነሱን ድርሻ ይሸፍን?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦
እማማ፣ ቁጣዎ ይገባኛል፤ አንድ ነገር ግን ላስተካክል። ግምቱ 41 በመቶ ጨመረ ማለት ታክሱ 41 በመቶ ጨመረ ማለት አይደለም። በኦሃዮ ከ1976 ጀምሮ ባለ ሕግ፣ ግምት ሲጨምር ሕዝብ በድምፅ ያጸደቃቸው ብዙዎቹ ሌቪዎች (በቤት ላይ የሚጣሉ ታክሶች) ምጣኔያቸው ዝቅ ይላል። ክፉኛ የሚጎዳው ቤቱ ከአማካዩ በላይ የጨመረበት ሰው ነው፤ ያ ደግሞ ድሮ ርካሽ የነበረው የኛ ሠፈር ሆነ። በኅዳር 2023 ለኮሎምበስ ትምህርት ቤቶች የጸደቀውም ሌቪ ተጨመረበት። ዕድሜዎ 65 ከሞላና ገቢዎ ከወሰኑ በታች ከሆነ ሆምስቴድ የሚባለውን የቤት ታክስ ቅናሽ ይጠይቁ። ግምቱ በዛ የሚል ደግሞ እስከ ማርች 31 አቤቱታ ማስገባት ይችላል። ቅጹን አብረን እንሞላዋለን፣ ይደውሉልኝ።

ተከራይዋ፦
እኔ በነርሲንግ ሆም የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት እቁብ ደርሶኝ 24,000 ዶላር ይዤ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። አበዳሪው «ይህ ገንዘብ በአንድ ቀን ከየት መጣ?» አለኝ። እቁብን አስረዳሁ፣ የዳኛውን ደብዳቤ አመጣሁ፣ የከፈልኩበትን ደብተር ፎቶ አንስቼ ላክሁ። አልተቀበሉኝም፤ ሁለት ወር ባንክ ይቀመጥ አሉ። ሁለት ወሩ ሳይሞላ ቤቱን በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ኩባንያ ወሰደው። አሁን ማስታወቂያ ተለጥፎበት ይከራያል። ከኔ ሞርጌጅ በላይ በሆነ ዋጋ!

የጭነት መኪና ሹፌሩ፦
እህቴ፣ አዝናለሁ። ግን የሚሠራው አፓርታማ ላንቺ የሚሆን ነው ወይ? ጂም አለው፣ ጣሪያ ላይ መቀመጫ አለው፣ ኪራዩን ስትጠይቂ ትደነግጫለሽ። ፓርኪንግ ሲቀርስ? እኔ ከሪከንባከር የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ጭኜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምመለሰው። እዚህ ከተማ የሰው ባቡር የለም። ለአውቶቡስ ተብሎ በኅዳር 2024 የግዢ ታክስ ጨምረናል፤ ፈጣኑ የአውቶቡስ መስመር ግን ገና አገልግሎት አልጀመረም። መጀመሪያ መጓጓዣው ይምጣ። መሬቱን ደግሞ ተመልከቱ፤ ከከተማችን አጠገብ ኒው አልባኒ ዙሪያ ዳታ ሴንተር (የኩባንያዎች ኮምፒውተር የሚቀመጥበት ትልቅ ሕንፃ) ሞልቶታል። ስንት ሰው ይቀጥራል? በ2023 የኤሌክትሪክ ኩባንያው አዲስ ዳታ ሴንተር መቀበል ያቆመው የኃይል ማስተላለፊያ መስመሩ አልበቃ ብሎት ነው።

ክርክሩን የከፈተው፦
በፓርኪንጉ እስማማለሁ፣ አውቶቡሱ መቅደም ነበረበት። በዳታ ሴንተሩም አልከራከርህም። «አዲስ ቢሠራም ኪራይ አይቀንስም» የሚለውን ግን አልቀበልም። ሚኒያፖሊስን እይ፤ ዞኒንጉን አላልቶ ብዙ አፓርታማ ሠራ፣ ከ2017 እስከ 2022 ኪራዩ የጨመረው 1 በመቶ ብቻ ነው። በቀረው ሚኒሶታ 14 በመቶ ጨምሯል። አዲሱ አፓርታማ ለሀብታሙ ቢሆንም፣ ሀብታሙ ወደዚያ ሲገባ አሮጌውን ቤት ከተከራይዋ እህታችን ጋር አይሻማም።

እማማ ያነሱት የታክስ ነገር ግን ልክ ነው፣ ቅዳሜ ስናወራ አቅልዬው ነበር። ከታክስ ነፃ የሚሆን ሁሉ፣ የትም ሠፈር ይሁን፣ ከቤቶቹ የተወሰኑትን ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው በሚችለው ኪራይ ያከራይ። በዚህ ላይ ምክር ቤቱ ፊት ቀርቤ ለመናገር ዝግጁ ነኝ።

እናት፣ ከምሥራቅ ኮሎምበስ፦
እንዲያ ከሆነ እኔም አብሬህ እመጣለሁ። ደብዳቤውን ይዤ።

ተከራይዋ፦
ሹፌሩ ወንድሜ፣ «መጀመሪያ መጓጓዣው ይምጣ» ስትል አንተ ቤት አለህ፣ መጠበቅ ትችላለህ። እኔ የኪራይ ውሌ ባለቀ ቁጥር በጨመረው ኪራይ ምክንያት በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ ቤት ቀይሬአለሁ። ትልቁ ልጄ አሁን ሦስተኛ ትምህርት ቤቱ ነው። ባለፈው ሳምንት አዲስ ጓደኛ ያዝክ ወይ ብዬ ብጠይቀው «ለምን? እንሄድ የለ» አለኝ።