ቦኒ ሬይት የወላጆቿ ውርስ ብቻ ናትን?

በሰፈራቸው ስም የተጠሩ አራት የጅማ ሰዎች ስለ አሜሪካዊቷ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ያደረጉት ክርክር

የጅሬኑ፦ የሄርማታው ጋሼ ትናንት «ቦኒ ሬይት ከቤቷ የወረሰችውን ብቻ ነው የተጫወተችው» ብለው መጻፋቸው አስቆጥቶኛል። አባቷ ጆን ሬይት ስመ ጥር የብሮድዌይ (የኒውዮርክ ሙዚቃዊ ቲያትር) ዘፋኝ፣ እናቷ ማርጆሪ ፒያኖ ተጫዋች እንደነበሩ፣ ቤታቸውም ጦርነትን በሚቃወመው የኩዌከር ክርስትና እምነት ለሰላምና ለፍትሕ የቆመ እንደነበረ ማንም አልካደም። ነገር ግን ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ እንጂ የብሮድዌይ አይደለም፤ እሱን የተማረችው ከአንጋፋዎቹ የብሉዝ ሙዚቀኞች ከነፍሬድ ማክዳውልና ከነሲፒ ዋላስ ነው።

የሄርማታው፦ ልጄ፣ ጊታሩ ከሰማይ አልወረደም። በልጅነቷ ለገና ስቴላ የተባለ ጊታር ባይሰጧት ኖሮ ወደ ማክዳውል የሚያደርስ መንገድ ከየት ታገኝ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1979 ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር በኒውዮርክ የኑክሌር ኃይልን የሚቃወሙ ኮንሰርቶች ስታዘጋጅም፣ ቤቷ ያሳደረባትን እምነት ነው የፈጸመችው።

የቆጪዋ፦ ጋሼ፣ ስለ ጊታሩ ያሉት እውነት ነው፤ «ብቻ» ያሉትን ግን አላስረዱንም። በዚያው ቤት ያደጉት ሁለቱ ወንድሞቿ ታዲያ ለምን እንደ እሷ አልሆኑም?

የሄርማታው፦ እኔ የተናገርኩት ስለ አቋሟ ነው፤ ስለ ዝና አላነሳሁም።

የፈረንጅ አራዳው፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ራድክሊፍ ኮሌጅ ገብታ የአፍሪካ ጥናት ስትከታተል ቆይታ ለሙዚቃ ብላ ያቋረጠችን ሰው፣ ልጅ ለማስተማር ብዙ ወላጅ በሚደክምበት በጅማ አርአያ አድርጎ ማቅረብ ተገቢ አይመስለኝም።

የቆጪዋ፦ ወንድሜ፣ ያቋረጠችው ሥራ ፈታ ለመቀመጥ አልነበረም። የመጀመሪያ አልበሟን እ.ኤ.አ. በ1971 አውጥታ በ1990 ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት አራት ጊዜ እስክትቀበል ድረስ፣ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያዋ ውሏን ያፈረሰባትን ጊዜ ጨምሮ፣ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ለፍታለች። እዚህ ጊታር የያዘን ልጅ ገና ከጅምሩ «ምን ሊበላ ነው?» እያልን ተስፋ ማስቆረጣችን ነው የሚያሳዝነኝ።

የጅሬኑ፦ ወደ ጉዳዩ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ካቋቋሙት አንዷ በመሆን የተሳተፈችበት የሪትም ኤንድ ብሉዝ ፋውንዴሽን፣ ሙዚቃቸው ተሸጦ ከሽያጩ ተገቢውን ድርሻ ያላገኙ አንጋፋ ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞችን የሚደግፍ ነው። ይህን ዕዳ ያየችው አብራቸው እየተጓዘችና እየተጫወተች በአስተማሪዎቿ ኑሮ ላይ ነው። የወላጆቿ ቤት ይህን ሊያሳያት አይችልም ነበር።

የሄርማታው፦ ዕዳውን በእነርሱ ኑሮ ላይ አይታ ይሆናል፤ ያየ ሁሉ ግን አልከፈለም። ውለታን መመለስ ግዴታ መሆኑን ከወላጆቿ ተምራለችና ቃሌን አላነሳም።

የጅሬኑ፦ እንግዲያው አስተማሪዎቿን ከታሪኳ እየሰረዙ ነው፤ ይህን ፈጽሞ አልቀበልም።