የጠባሴው አሮጌ ጭቃ ቤት፦ ለእንቁጣጣሽ ምኑ ይድረስ፣ ምኑ ይቆይ?

ጠያቂ፦ የጠባሴ ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ያለ የቆየ ቤት ነው፤ 8 ሜትር በ6 ሜትር፣ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ለእንቁጣጣሽ ዘመድ ስለሚሰበሰብ እንዲያምር ይፈለጋል። ዛሬ ነሐሴ 12 ነው። ችግሮቹ እነዚህ ናቸው፦

የምዕራቡ ግድግዳ በውጭ በኩል ከታች እስከ 1 ሜትር ድረስ በስሚንቶ ተለስኖ ነበር። አሁን ልስኑ ጭቃውን ይዞ በሰፊው እየተገሸለጠ ይወድቃል፤ ያልወደቀውም ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። እዚያው በኩል ሁለት ቋሚዎች እግራቸው ላይ በቢላዋ ሲወጉ ይገባል። ጣሪያው ኮልሞው (የጣሪያውን አናት የሚሸፍነው ቆርቆሮ) አጠገብ ያፈሳል። ውስጡ ደግሞ ከታች በዘይት ቀለም ተቀብቶ ተነፋፍቷል፤ ከላይ ጥቀርሻ ነው።

ግንበኛው «ስሚንቶውን ወፈር አድርገን እንድገመው» ይላል። ትክክል ነው? ግቢው ውስጥ ጥቁር አፈር በብዛት አለ፤ ለጭቃው ይሆናል?

መልስ፦ መራጊ

እህቴ፣ ስሚንቶውን አትድገሙት። የወደቀው ስለሳሳ አይደለም። ጭቃ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም። ከመሬት ወደ ግድግዳው የወጣው ውሃም መውጫ ያጣል። ክረምቱን ሙሉ ከስሚንቶው ጀርባ ተጠራቅሞ ጭቃውን ያላላዋል፣ ቋሚውንም ያበሰብሰዋል። ሁለቱ ቋሚዎች እዚያው በኩል መበስበሳቸው ምክንያቱ ይኸው ነው። ወፍራም ስሚንቶ ክብደት ይጨምራል፣ ሲወድቅም ብዙ ጭቃ ይዞ ይወድቃል።

አሁን በነሐሴ የውጩን አትምረጉት። አይደርቅም። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ስሚንቶ ብቻ በመዶሻ እየነካካችሁ አውርዱት፤ ጸንቶ የያዘውን በግድ ብትነቅሉት ማገሩን ታነቃንቃላችሁ፣ እሱ እስከ መስቀል ይቆይ። የተገለጠውን ግድግዳ ዝናብ እንዳይመታው ላስቲክ ከጣሪያው ጠርዝ አውርዱለት። ላስቲኩ ግን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ ከተለጠፈ ከስሚንቶው አይሻልም።

ዛሬ መጀመር ያለበት የውሃው መንገድ ነው። የአንዱ ጎን ጣሪያ ክፈፉን ጨምሮ 3.5 ሜትር በ8 ሜትር ቢሆን 28 ካሬ ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 840 ሊትር፣ ማለትም 42 ጀሪካን ውሃ በዚያ ግድግዳ እግር ሥር ይወርዳል። ከግድግዳው 1 ሜትር ርቆ ቦይ ቆፍሩ። በግድግዳውና በቦዩ መካከል ያለው መሬት በ1 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ላዩም ድንጋይ ይደርደርበት፣ ፍንጣቂው ግድግዳውን እንዳያጨቀየው።

ስለ አፈሩ፦ ጥቁሩን ዋልካ ተዉት። ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቀይ አፈር ይምጣ። የሚመረገው 8 ሜትር በ1 ሜትር፣ 8 ካሬ ነው፤ በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 400 ሊትር ይሆናል፤ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብና ስለሚባክን 25 ጀሪካን አስቡ። ለምርጊቱ 3 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ በእግር የተጠቀጠቀ የገብስ ወይም የስንዴ ጭድ። ለላይኛው ልስን አፈሩ ይነፋ፣ ጭዱም የጤፍ ይሁን።

ጭቃው ከ10 እስከ 15 ቀን ይቡካ። በየ3 ቀኑ ውሃ ጨምራችሁ ርገጡት። ጭዱ ለስልሶ ሽታው ሲለወጥ ነው የሚይዘው፤ በዕለቱ ተቦክቶ በዕለቱ የተመረገ ጭቃ ጭዱ ገና ውሃ አልጠጣምና ይሰነጠቃል። ከመመረጋችሁ በፊት ግድግዳው ላይ ሦስት ቦታ፣ እያንዳንዱ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ የአሸዋውን መጠን እየለያያችሁ ሞክሩ። በ4ኛው ቀን ሰፊ ስንጥቅ ያሳየው ላይ አሸዋና ጭድ ጨምሩ፤ በእጅ ሲዳሰስ የሚረግፈው ደግሞ አሸዋው በዝቶበታል።

ጭቃው መስከረም 3 ላይ ቢቦካ ለመስቀል ማግስት ይደርሳል። ምርጊቱ መስከረም 18፣ 3 ሳንቲ ሜትር፤ አሮጌው ግድግዳ ቀድሞ ውሃ ይረጭበት። ሰንጥቆ በደንብ እስኪደርቅ 2 ሳምንት ይቆይ፤ ስንጥቁ ለሁለተኛው መያዣ ነውና አይክፋችሁ። ከዚያ 2 ሳንቲ ሜትሩ ልስን። ጥቅምት 5 አካባቢ ታበቃላችሁ።

መልስ፦ ጣሪያና እንጨት

በመራጊው ሐሳብ እስማማለሁ፤ የቋሚውን ነገር ግን ማዘግየት አይቻልም። አሁኑኑ ደግፉት። ከሁለቱ ቋሚዎች ግራና ቀኝ ያለውን አግዳሚ በፑንቴሎ (በድጋፍ እንጨት) ያዙ፤ የፑንቴሎው እግር በረጠበ ዋልካ ላይ ስለሚሰምጥ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ሳንቃ ወይም ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባበት። በቱንቢ ለክታችሁ በየሳምንቱ እዩት።

ቅያሪው በመስከረም ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከምርጊቱ በፊት ይሁን። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። ቢላዋው መግባት ካቆመበት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ቁረጡ። ከታች የድንጋይና የስሚንቶ እግር ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ቋሚው በላዩ ይቀመጥና በጠፍጣፋ ብረት ይታሰር። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ስሕተት እንጨቱን ስሚንቶ ውስጥ መቅበር ነው። ውሃ በእንጨቱና በስሚንቶው መካከል ገብቶ እንደ ጽዋ ይይዘዋል፣ ከመሬት ይልቅ ፈጥኖ ይበሰብሳል።

የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ። መበስበሱን ትንሽ ያዘገያል እንጂ አያቆምም፤ ጭቃ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ከተቀባ ደግሞ ምርጊቱ አይይዝም።

ጣሪያው፦ ፀሐይ ስትወጣ በርና መስኮት ዘግታችሁ ከውስጥ ወደ ላይ እዩ። ብርሃን የሚያሳየውን ቀዳዳ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ኮልሞ አጠገብ የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምክንያት አለው፤ ኮልሞው ቆርቆሮውን የሸፈነው ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች ነው፣ ወይም ምስማሩ በቆርቆሮው ሸለቆ ላይ ተመትቷል። ምስማር ጉብታው ላይ ነው የሚመታው፣ ውሃ የሚሄደው በሸለቆው ነውና። የላላውን ምስማር አውጥታችሁ በወፈረና ጎማ ባለው ተኩት። የድሮው ቀዳዳ በሬንጅ የተነከረ አቡጀዲ ይለጠፍበት፤ ከቀዳዳው ጠርዝ በየአቅጣጫው 10 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። ዝገቱ በእጅ ሲጫኑት የሚበሳ ከሆነ ግን አትለጥፉበት፣ ቆርቆሮው ይቀየር። ስትወጡ የምስማሩን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ፤ ሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ብቻ ነው። በረጠበ ቆርቆሮ ላይ አይወጣም።

አሸንዳ ብታስገቡ ለ8 ሜትሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል። ማንጠልጠያው በየ70 ሳንቲ ሜትር።

ጠያቂ፦ የጠባሴ ቤት

እግዚአብሔር ይስጥልን። እንግዲህ የውጩ ይቆያል። ለበዓሉ የውስጡ ብቻ በኖራ ነጭ ሊሆን ይችላል? ጥቀርሻው ላይ አንዴ ኖራ ተቀብቶ በሳምንቱ ቡናማ ሆኗል።

መልስ፦ ነጭ ኖራ

ይደርሳል። ቡናማው የጥቀርሻው ቅባት ነው፤ የኖራው ውሃ አሟሙቶ ወደ ላይ ያወጣዋል። ደጋግሞ መቀባት አያጠፋውም። መጀመሪያ በደረቁ በመጥረጊያ ይራገፍ፤ ከዚያ በተነፋ ቀይ አፈርና በእበት የተሠራ ስስ ልቅልቅ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ይለቅለቅበት። ይህ ጥቀርሻውን ከኖራው ይለያል። ነሐሴ 16 ላይ ከለቀለቃችሁ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት መስኮት እየከፈታችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ ይደርቃል። ለማድረቅ ብላችሁ በተዘጋ ቤት ከሰል አታንድዱ፣ ሰው ይገድላል።

የተነፋፋው ዘይት ቀለም በሙሉ ይፋቅ። ኖራ ዘይት ላይ አይይዝም፤ የተነፋፋውም ከጀርባው እርጥበት ስላለ ነው።

ኖራው፦ በከረጢት የሚሸጠው የጠፋ (ቀድሞ በውሃ የበረደ) ኖራ 10 ኪሎ፣ ውሃ 20 ሊትር። ኖራውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ኖራው አታፍስሱ፤ ያልጠፋ ድንጋይ ኖራ ከሆነ ይፈላና ይረጫል። ዓይን ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይታጠብና ሐኪም ይየው። ሌሊቱን ይደር። በማግስቱ ግማሽ ኪሎ ጨው በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩበት፣ በነጠላ ጨርቅ አጥሉት። ጨው ከዚህ አይብለጥ፤ በክረምት ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ግድግዳውን ያወዛል።

ውፍረቱ እንደ ወተት ይሁን። ግድግዳው ቀድሞ ውሃ ይረጭበት፣ ስስ አድርጋችሁ 3 ጊዜ፣ በየመካከሉ አንድ ቀን። ሲቀባ ግድግዳውን ያሳያል፣ «አልያዘም» ብላችሁ አታወፍሩት፤ ሲደርቅ ይነጣል። ልብስ ላይ ነጭ ዱቄት የሚያራግፍ ኖራ ወይ ወፍሯል ወይ በደረቅ ግድግዳ ላይ ተቀብቷል። በጳጉሜን 3 መጨረስ ይቻላል።

በአንድ ነገር ግን ከመራጊው እለያለሁ። የውጩ ልስን ጥቅምት 5 ላይ ቢያልቅ ኖራው ወደ ጥቅምት መጨረሻ ይገፋል፤ ያኔ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ አለ። በረጠበ ልስን ውስጥ ያለ ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ላዩን እንደ ቅርፊት ያነሣዋል። ኖራውም ሳይጠነክር ይረግፋል። የውጩ ኖራ ከጥምቀት በኋላ ይሁን፣ ከበልግ ዝናብ በፊት።

መልስ፦ መራጊ

ኖራውን በተመለከተ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ለጥር ይቆይ። ልስኑ ግን ለጥር አይቆይም፤ የተገለጠ ማገር ይዞ ገናን ማሳለፍ አይገባም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ብቻ ተለስኖ፣ ማታ ማታ የመጀመሪያዎቹን 4 ቀናት በጆንያ ቢሸፈን ውርጩ አይደርስበትም። ጠዋት ፀሐይ ስትመታው ጆንያው ይነሣ።

መልስ፦ ሰፌድና ባና

እኔ ስለ ጌጡ ልጨምር፣ እህቴ። በጭቃ ግድግዳ ላይ ምስማር አትምቺ፤ ይላላና ልስኑን ይዞ ይወጣል። ቀጭን ሞራሌ (የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት) በጣሪያው ሥር ከቋሚ ወደ ቋሚ ይመታና ሰፌዱም፣ ሞሰብ ክዳኑም፣ ሥዕሉም ከዚያ በገመድ ይውረድ። ቋሚው የት እንዳለ በጣት ስታንኳኪ ድምፁ ይለወጣል።

የመንዝ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ቤቱን ያሞቀዋል፤ ጥቁሩና ቡናማው የተፈጥሮ ሱፍ በነጭ ኖራ ላይ በጣም ያምራል። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ግን ዘንድሮ አይሰቀል፣ ገና እርጥብ ነው፤ ይሻግታል። በሌሎቹም ላይ ሁለት ጣት ያህል ከግድግዳው ይራቅ፣ አየር ይለፍበት። በየወሩ ፀሐይ ላይ ይራገፍ፣ ብል እንዳይገባው።

ወለሉ የአፈር ከሆነ በእበት የሚለቀለቀው ከበዓሉ 3 ቀን በፊት ነው፤ ሽታው ይወጣለታል፣ ቄጤማውም በደረቅ ላይ ያርፋል። ቄጤማ በዋዜማው ሳይሆን በጠዋቱ ይጎዝጎዝ፣ በ2ኛው ቀን ይነሣ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ያንሸራትታል፣ ወለሉንም ያረጥባል። አደዩን ጤዛው ሳይረግፍ በረጅሙ ቁረጡት፤ ውሃ የነካውን ቅጠል አራግፋችሁ በየቀኑ ውሃ ቀይሩለት። በእቅፍ ታስሮ በር ላይ የሚሰቀለው በዕለቱ ይጠወልጋልና ትንሽ ብቻ አስሩ። የዋዜማው ችቦ ከጣሪያው ክፈፍ ርቆ ይብራ፤ አሁን ላስቲክ አንጠልጥላችኋል።

ለገና መብራት የምታበሩ ከሆነ የመብራት ገመዱ በቄጤማ ሥር አይለፍ፤ ሣሩ እርጥብ ነው፣ ሰውም ይረግጠዋል። በዚያው በላይኛው ሞራሌ ላይ ይሂድ።

ጠያቂ፦ የጠባሴ ቤት

ሁሉንም ጻፍነው፤ ነገ ቦዩ ይጀመራል። የተረፈ ኖራ ለጥር ይቆያል ወይስ ይበላሻል?

መልስ፦ ነጭ ኖራ

ይቆያል፣ እንዲያውም ይሻላል። ጨው ሳይገባበት ለይታችሁ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ አስቀምጡት። ላዩ ላይ ሁልጊዜ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይኑር፤ አየር ካገኘው ይደርቅና ይጠነክራል፣ ዳግም ኖራ አይሆንም። በረዶ እንዳይሠራ ቤት ውስጥ ይሁን፤ ልጆችም የማይደርሱበት ቦታ።