ቤዝቦል፦ የሞተ ሰው በ2024 እንዴት ሪከርድ ይሰብራል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ወገኖች። ዛሬ የምጠይቀው ስለ ወረቀትም ስለ ቤት ኪራይም አይደለም፤ ስለ ቤዝቦል ነው፣ አትሳቁብኝ። አምስተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ «በታሪክ ትልቁ ባቲንግ አቬሬጅ የማን ነው?» የሚል የቤት ሥራ ይዞ መጣ። ከላይብረሪ የተዋስነው መጽሐፍ «ታይ ኮብ፣ 0.367» ይላል። ስልክ ላይ ስናይ ደግሞ «ጆሽ ጊብሰን፣ 0.372» ይላል። ጊብሰን የሞተው በ1947 (በፈረንጅ) ነው፤ መጽሐፉ የታተመው ከዚያ ስንት ዘመን በኋላ! ሙት ሰው በምን ተአምር ሪከርድ ይወስዳል? ቁጥሩ ራሱ ምን ማለት እንደሆነም የሚያስረዳኝ ካለ እግዜር ይስጠው። ልጁ ሲነግረኝ «ገብቶኛል» እያልኩ ነው የማልፈው።

ዲሲ፣ ታክሲ ነጂ፦
እህቴ፣ ከቁጥሩ ልጀምርልሽ። ተጫዋቹ ኳሱን መትቶ ቤዝ (ሜዳው ላይ ሮጦ የሚደርስበት ማረፊያ) የያዘባቸውን ጊዜያት፣ ለመምታት በቆመባቸው ጊዜያት ታካፍያለሽ። ፒቸሩ (ኳሱን የሚወረውርለት) ኳሱን አበላሽቶበት በነፃ ካለፈ ሒሳቡ ውስጥ አይገባም። ከ10 ጊዜ ሦስቱን የመታ፣ ማለትም 0.300 ያለው፣ እዚህ አገር ሚሊዮኖች ይከፈለዋል። ሰባቱን ስቶ! እኔ ይህን የተማርኩት ወድጄ አይደለም፤ በጋ በገባ ቁጥር ተሳፋሪው ሁሉ ሬዲዮውን ጨዋታው ላይ አድርግልኝ ይለኛል።

ወደ ጊብሰን ስንመጣ፣ እስከ 1947 ድረስ ጥቁር ተጫዋች ሜጀር ሊግ፣ ማለትም ትልቁ የአሜሪካ ሊግ፣ ውስጥ አይገባም ነበር። የተጻፈ ሕግ ኖሮ ሳይሆን የክለብ ባለቤቶቹ ተስማምተው ስለዘጉት ነው። ጥቁሮቹም ከ1920 ጀምሮ የራሳቸውን ሊጎች አቋቁመው ይጫወቱ ነበር። ጊብሰን ሆምስቴድ ግሬይስ ለሚባል የጥቁሮች ቡድን ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሱን የሚቀበል) ነበር። በጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ጃኪ ሮቢንሰን የሜጀር ሊጉን የብሩክሊን ቡድን ማሊያ ለብሶ ለጥቁሮች በሩን የከፈተው ኤፕሪል 15 ላይ ነው፤ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም።

በ1969 ደግሞ የሪከርድ ኮሚቴ ተቀምጦ ከ1876 ወዲህ «ሜጀር» የሚባሉት የትኞቹ ሊጎች እንደሆኑ ወሰነ። ስድስት ሊግ ቆጠረ፤ ከጥቁሮቹ አንድም የለበትም። ያንቺ መጽሐፍ የተጻፈው በዚያ ውሳኔ ነው። በዲሴምበር 2020 ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ሐሳቡን ለውጦ፣ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩ ሰባት የጥቁሮች ሊጎች ሜጀር ናቸው አለ። ቁጥሩ ተጣርቶ መዝገብ የገባው በሜይ 2024 ነው፤ ከ2,300 በላይ ተጫዋቾች በአንድ ቀን ተጨመሩ። ጊብሰንም ኮብን በባቲንግ አቬሬጅ፣ ቤብ ሩትን ደግሞ በስላጊንግ፣ ማለትም ምቱ ስንት ቤዝ እንዳስኬደ በሚቆጥረው መለኪያ፣ (0.718 ለ0.690) አለፋቸው።

ዲሲ፣ ነርስ፦
ጋሼ ያልነገሩን አንድ ነገር አለ። ግሬይስ ዲሲ ውስጥ ይጫወቱ የነበረው ጆርጂያ አቬኑ ላይ በነበረው በግሪፊዝ ስታዲየም ነው። ስታዲየሙ የነጮቹ ቡድን የሴናተርስ ቤት ነበር፤ እነሱ ለጨዋታ ከከተማ ሲወጡ ጥቁሮቹ እየተከራዩ ይገቡበታል። በ1965 ፈረሰ፤ ቦታው ላይ ዛሬ ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከመካከላችሁ ስንቱ እዚያ ወልዷል፣ ስንቱ እዚያ የሌሊት ተረኛ ነው! ዩ ስትሪት ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ነው። እኔ ራሴ ይህን የሰማሁት ከአንድ አዛውንት በሽተኛ ነው፤ አባታቸው ጊብሰንን ሊያሳዩአቸው ይዘዋቸው ይመጡ ነበር አሉኝ።

አሌክሳንድሪያ፦
ታሪኩ ልብ ይነካል፤ አልከራከርም። ሒሳቡ ግን አይዋጥልኝም። ኮብ ለመምታት የቆመው ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ነው፤ የጊብሰን የተመዘገበው የዚያን አንድ አራተኛ አይሞላም። የጥቁሮቹ ሲዝን አጭር ነበር፣ ስልሳ ሰባ የሊግ ጨዋታ ቢሆን ነው። በአጭር ጊዜ ከፍ ያለ አቬሬጅ መያዝ ይቀላል። በ1943 ለጊብሰን 0.466 ተመዘገበለት፤ ሙሉ ሲዝን ቢጫወት ይህን ይዞ ይዘልቅ ነበር? እኔ እንጃ።

ዲሲ፣ ታክሲ ነጂ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን በኮሮናው ዓመት በ2020 ሜጀር ሊግ ራሱ 60 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ የለም እንዴ? ያኔ የኛው የዲሲ ቡድን የናሽናልስ ልጅ የነበረው ሁዋን ሶቶ በዚያ ሲዝን በ0.351 የናሽናል ሊግ አንደኛ ሲባል ማንም «አይቆጠርም» አላለም። ኮብም ቢሆን በሊግ ጨዋታ አንድም ጊዜ ጥቁር ፒቸር ፊት ቆሞ አያውቅም። ከሁለቱም በኩል የጎደለ አለ።

ደግሞ ለጊብሰን አዳልተው ቢሆን ኖሮ የሆም ረኑን (ኳሱን ከአጥር ውጭ የመምታቱን) ሪከርድም ይሰጡት ነበር። ኩፐርስታውን ከተማ በቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ ስለ እሱ የተቀረጸው ጽሑፍ «ወደ 800 የሚጠጋ» ይላል። ይፋዊው መዝገብ ግን ከ200 በታች ነው የሰጠው! ምክንያቱም ቡድኖቹ ኑሯቸውን የሚገፉት ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ከሊግ ውጭ ከተገኘው ሁሉ ጋር እየተጫወቱ ነበር፤ ያ ሁሉ አይቆጠርም። የተቆጠረው የሊግ ጨዋታ ብቻ ነው፣ እሱም በጋዜጣ የታተመ ሠንጠረዥ ከተገኘለት። ተመራማሪዎች እንደ ፒትስበርግ ኩሪየርና ቺካጎ ዲፌንደር ያሉ የጥቁሮች ጋዜጦችን ዓመታት ፈጅተው ሲያገላብጡ ሦስት አራተኛ ያህሉን አገኙ። ቀሪው ጋዜጣው ከጠፋ፣ ወይም ጋዜጠኛው ያን ቀን ካልሄደ፣ የለም። ስለዚህ የሆም ረኑ ሪከርድ ዛሬም የባሪ ቦንድስ ነው፣ 762። እሱን ደግሞ ጉልበት የሚሰጥ መድኃኒት ወስዷል እያሉ ያሙታል፤ እዚያ ውስጥ ባንገባ ይሻላል።

አሌክሳንድሪያ፦
የሆም ረኑን አላውቅም ነበር፤ ጥሩ መልስ ነው። ቢሆንም ሁለቱን በአንድ ረድፍ ማስቀመጥ አሁንም ይከብደኛል። ከጎኑ የጨዋታው ብዛት ይጻፍ ባይ ነኝ።

ቦልቲሞር፦
ይጻፍ፣ ምን ገዶን። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጅሽ ማንም የማይከራከርበት ሪከርድ ከፈለገ ወደኛ ይምጣ። የኛ የቦልቲሞር ተጫዋች ካል ሪፕከን 2,632 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተጫወተ። ይኸው ነው! ከ1982 እስከ 1998፣ አንድ ቀን ሳይቀር። እኔ በዚያ ዘመን ሁለት ሥራ ይዤ ስንት ቀን ታምሜ ቀርቻለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ኧረ ተባረኩ! አሁን ልጁ ሁለቱንም ስም ሊጽፍ ነው፤ ኮብ እስከ 2024፣ ከዚያ ጊብሰን፣ ለምን እንደተለወጠም ከሥሩ። የአሌክሳንድሪያውንም ሐሳብ አንብቤለት «የጨዋታ ብዛት» የሚል መስመር ጨምሯል። መምህሯ የመጽሐፉን መልስ ብቻ ትጠብቅ እንደሆነ አላውቅም፤ ከተቃወመች ግን እኔው ሄጄ አስረዳለሁ፣ አሁን እንኳ ገብቶኛል። ጊብሰንን የሚያሳይ ነገር ከተማ ውስጥ ይኖር ይሆን? ቅዳሜ ልወስደው ፈልጌ ነው።

ዲሲ፣ ነርስ፦
አለ እንጂ እቴ። ናሽናልስ ፓርክ ሐውልት አለው፣ ከድሮዎቹ የዲሲ ተጫዋቾች ከዋልተር ጆንሰንና ከፍራንክ ሃዋርድ ጋር። መጀመሪያ ሻው–ሃዋርድ ጣቢያ ውረዱና የስታዲየሙን ቦታ አሳዪው፤ ከዚያ በዚያው በግሪን ላይን ናቪ ያርድ ድረስ ነው፣ ባቡር መቀየር የለም። ምሳ ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ዩ ስትሪት ብሉ፤ ስታዲየሙ አካባቢ አንድ ሆት ዶግ ስንት እንደሆነ ስታዪ ትደነግጫለሽ።